የታጠቡ ድርሃሞች

ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ገልብጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እባካችሁ አትዩ። እንደተሰጣችሁ ክተቱትና ወደ ጉዳያችሁ ሂዱ። እኔ አይቼ የመጣብኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እዚህ አቡ ዳቢ አንድ ድርሃም ማለት አንዲት ክብ ሳንቲም ናት። ጀርባዋ ላይ ማንቆርቆሪያ ተቀርጿል፤ አረቦቹ «ደላ» ይሉታል፣ እኛ ጀበና ብለነው ተገላግለናል። ብትገለብጧት ጀበና፣ ነገም ብትገለብጧት ጀበና። ግን አንዳንዴ ከሻይ ቤት በተሰጣችሁ መልስ መሃል ጀበና የሌላት ድርሃም ብቅ ትላለች። በጀበናው ቦታ ሕንፃ፣ ወይም ወፍ፣ ወይም የሆነ መሥሪያ ቤት ዓርማ ተቀርጾባታል። እዚህ አገር አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ዕድሜው ሲደፍን ኬክ ተቆርሶለት ብቻ አይቀርም፤ መታሰቢያ ሳንቲም ይወጣለታል። ሳንቲሟም እንደ እኅቶቿ ገበያ ወርዳ፣ ከእጅ እጅ እየተቀባበሏት፣ ሻይና ዳቦ እየገዛች ትኖራለች። ልብ የሚላት የለም። እኔም ለዓመታት ልብ ሳልላት ደህና አድርጌ ኖሬያለሁ።

ደህና መኖሬን ያስቀረው ተስፋዬ ነው።

ተስፋዬ አል ዛሂያ ውስጥ አንድ ክፍል የምንጋራ ጓደኛዬ ነው። የአንድ ሆቴል ጥበቃ ነው። ሥራው መቆም ብቻ ስለሆነና ስልክ በእጁ ስለሚውል የማያውቀው ነገር የለም። ጨጓራ በምን እንደሚድን ያውቃል፤ የትኛው አገር ለማን ቪዛ እንደሚሰጥ ያውቃል፤ ወርቅ መቼ እንደሚረክስ ያውቃል። እሱ ራሱ ጨጓራውን ያመዋል፣ ቪዛ የለውም፣ ወርቅም የለውም፤ ግን ያውቃል።

እኔ አል ራሐ ቢች የሚኖር የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነኝ። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ኪሴን አልጋው ላይ ስገለብጥ ተስፋዬ እንደ ተነከሰ ሰው ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«ቁም! እንዳትነካት!»

ጊንጥ መስሎኝ አልጋው ላይ ወጣሁ። እሱ ግን አጎንብሶ አንዲት ድርሃም በሁለት ጣቱ አነሣ። ጀርባዋ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ አለ። የሆነ ትምህርት ቤት ልደት ይሆናል።

«አንተ ሰውዬ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን እንደያዝክ ታውቃለህ?»

«ድርሃም።»

«ድርሃም ይላል እንዴ!» ብሎ ስልኩን ከፈተ። ፊቱ የማይታይ፣ ትልቅ ቀለበት ያጠለቀ እጅ ብቻ ያለው አንድ ሰው መጽሐፍ የተቀረጸባት ሳንቲም ይዞ ይለፈልፋል።

«ምን እያለ ነው?»

«ይህቺን ያገኘ ሰው ሕይወቱ ተቀይሯል ነው የሚለው። ሺዎች ነው የሚከፈልባት!»

«ለዚች?»

«ለዚች ዓይነቷ።»

«ዓይነቷ» የምትለዋን ቃል ያኔ በደንብ ሰምቻት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ ነበር። ግን ሺዎች የሚለውን ከሰማ በኋላ የቀረውን ቃል የሚሰማ ጆሮ ማን አለው?

«ታዲያ አንተ ለምን አትሰበስብም?» አልኩት።

«እኔ ትዕግሥት የለኝም» አለና ተኛ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰው ጋር በሰላም መገበያየት አልቻልኩም። አንድ ውሃ ለመግዛት ትልቅ የወረቀት ገንዘብ አወጣለሁ፤ መልሱን በሳንቲም ብቻ ካልሆነ አልቀበልም እላለሁ። ባለ ሱቁ በምሬት እየቆጠረ ሲያፈስልኝ መደርደሪያው ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ እገለብጣለሁ። ጀበና፣ ጀበና፣ ጀበና። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ይንጫጫል። ሠፈራችን ያለው የሕንድ ማላባሪ ሻይ ሻጭ እኔን ከሩቅ ሲያይ የሳንቲም መሳቢያውን መቆለፍ ጀመረ። «ዝርዝር የለም፣ ኸላስ፣ አልቋል!» ይለኛል፣ ገና ሰላም ሳልለው።

አሠሪዬ ማዳምም አልቀረላትም። መኪናዋ ውስጥ ለመኪና ማቆሚያና ለምናምን የሚሆን ዝርዝር የሚቀመጥበት ሣጥን አለ። አንድ ጧት እሷ እስክትወርድ ሣጥኑን ከፍቼ መታሰቢያዎቹን እያወጣሁ በምትካቸው የራሴን ባለ ጀበና እተካለሁ። ሌብነት አይደለም፤ አንድ ለአንድ ነው፤ ሕሊናዬ ንጹሕ ነበር። የመኪናው በር ተከፈተ።

«ሹ ሃዳ?» አለች ማዳም። ምንድን ነው ይሄ ማለቷ ነው።

በተሰባበረ አረብኛዬ አስረዳኋት። አንድ ድርሃም ወስጄ አንድ ድርሃም እያስገባሁ ነው አልኳት።

«አንድ ወስደህ አንድ ታስገባለህ?»

«አዎ ማዳም።»

«ለምን?»

እስቲ እናንተ መልሱላት። ሌባ ብላ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን በሐዘኔታ አየችኝና፣ ደህና ትተኛለህ ወይ? ምግብ ትበላለህ ወይ? ብላ ጠየቀችኝ። ማታ ለባሏ ነገረችው፤ ባሏ በበነጋታው ዓይኔን ሐኪም እንዲያየው ላከኝ። ዓይንህ ጤነኛ ነው ተብዬ በወረቀት ተመለስኩ።

ይህን ሁሉ የምታገሠው ባለ መጽሐፏን ይዤ ነው። ሌሎቹን አንድ ንጹሕ ካልሲ ውስጥ እያጠራቀምኩ አልጋዬ ሥር ሳስቀምጥ እሷን ግን ከሸሚዜ የደረት ኪስ አልለያትም። ያም ጥንቃቄ ራሱ ጉድ አመጣብኝ።

የዚህ አገር የሱፐርማርኬት ጋሪዎች በሰንሰለት ተያይዘው ነው የሚቆሙት። አንድ ድርሃም ስታጎርሷቸው ይለቀቃሉ፤ መልሳችሁ ስታያይዟቸው የጎረሱትን ይተፋሉ። አንድ ቅዳሜ ማዳም ልጆቹን ይዛ መኪና ውስጥ እየጠበቀችኝ ሩዝና ወተት ግዛ ብላ ላከችኝ። ኪሴን ብዳብስ ከባለ መጽሐፏ በቀር ዝርዝር የለም። ለትንሽ ደቂቃ ነው ብዬ እሷኑ አንዱን ጋሪ አጎረስኩት። ገዝቼ፣ ዕቃውን መኪና ላይ ጭኜ፣ ጋሪውን ልመልስ ስገፋ አንዲት ወፍራም ግብፃዊት መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። «አትድከም ልጄ» ብላ አንድ ድርሃም መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጋሪውን ወሰደችው። እዚህ የተለመደ ነው፤ መተሳሰብ ነው። እኔም አመስግኜ ወደ መኪናው ሄድኩ። እንደ ልማዴ ድርሃሟን ገለበጥኳት።

ጀበና!

ሩጫዬን ያየ ሰው ልጅ የጠፋበት አባት ነው የሚለኝ። ሴትዮዋን ጣፋጭ ከሚሸጥበት ቦታ አገኘኋት።

«እማማ፣ ይኸውልሽ ድርሃምሽ፤ የኔን ስጪኝ።»

«ሰጠሁህ እኮ!»

«እሱ ያንቺ ነው። የኔ ጋሪው ውስጥ ነው።»

«አንድ ድርሃም አይደል? አንድ ድርሃም ሰጠሁህ! ሌላ ልትወስድብኝ ነው?»

ሰው ተሰበሰበ። ጥበቃ መጣ። «ምን ወሰደችብህ?» አለኝ።

«ድርሃም።»

«ምን ሰጠችህ?»

«ድርሃም።»

ጥበቃው ግራና ቀኝ አየ፤ እየቀለድኩበት እንደሆነ ነው የገባው። ስልኬ ይጮኻል፤ ማዳም ናት። ሴትዮዋ ገበያዋን ሳትጨርስ ጋሪውን አልለቅም አለች፤ እኔም ጋሪውን ትቼ አልሄድም አልኩ። ስለዚህ ተከተልኳት። ከአትክልት ወደ ሥጋ፣ ከሥጋ ወደ ሳሙና። ዘይት አወርድላታለሁ፣ ሐብሐብ እመዝንላታለሁ። በመጨረሻ ዕቃዋን መኪናዋ ላይ ጭኜላት ጋሪው ሲያያዝ ባለ መጽሐፏ ቃጭ ብላ ወጣች። ላነሣት ስል ሴትዮዋ ቀደመችኝ። ገልብጣ አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ምን አላት ይህቺ?»

«ምንም። የእናቴ ማስታወሻ ናት።»

«እናትህ አቡ ዳቢ ነበረች?»

«አይ፣ ጎንደር።»

«እና ጎንደር በድርሃም ነው የሚገበያዩት?» አለችና መዳፏን ጨበጠች። ባጭሩ፣ የራሴን አንዲት ድርሃም በአሥር ድርሃም ገዝቼ ወደ መኪናው ተመለስኩ። ማዳም ውሃ ሰጠችኝ።

ተስፋዬ ይህን ሲሰማ አላዘነልኝም፤ ተደሰተ። «አየህ? አሥር ያወጣችው ባንዴ ነው። ግን እንዲህ አድፋ ማን ሺዎች ይከፍልባታል? አጥባት እንጂ!» ሎሚና ጨው እንደሚያስፈልግ፣ ከዚያ በጥርስ ሳሙና እንደሚታሽ አብራራልኝ። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ መታጠቢያ ቤት ቆልፌ ካልሲ ሙሉ ሳንቲም በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ። ሲያልቅ እንደ አዲስ ማንኪያ አበሩ። እጄ በሎሚው ተልጦ ነበር፤ ግን ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ ሰላም ሳልነግራችሁ መቀጠል አልችልም። ሰላም አል ዓይን ከተማ በአንድ ቤት ልጆች ታሳድጋለች። ከተዋወቅን ቆይተናል፤ እሑድ እሑድ ስታርፍ አንዳንዴ እሷ ትመጣለች፣ አንዳንዴ እኔ በአውቶብስ እሄዳለሁ። ልጅቷ ነገር አታበዛም፤ ግን አንዴ ከተናገረች የምትናገረው ይገባል። አንድ እሑድ ባሕሩ ዳር፣ ኮርኒሽ ላይ አይስክሬም ገዝቼላት መልሱን እየገለበጥኩ ሳለ አይስክሬሟ ቀልጦ ክንዷ ላይ ወረደ።

«አንተ» አለችኝ፣ «ፊቴን እንዲህ አድርገህ አይተኸው ታውቃለህ?»

ቀና ስል ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራዋለች።

ሰላም ሰናይያ በሚባለው የአል ዓይን የጋራዦች ሠፈር የመኪና ቀለም የሚቀቡ ታላቅ ወንድም አሏት፤ ጋሽ ዘውዱ ይባላሉ። እንደ አባት ያሳደጓት፣ እዚህ አገርም ያመጧት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ሳያስፈቅድ ሰላምን ማግባት የሚታሰብ አይደለም፤ እሳቸውን ማስፈቀድ ደግሞ የሚያስፈራ ነው። እናም ቁርጡ ቀን ደረሰና ምሳ ጋበዙኝ። ሰላም ስለኔ ደግ ደጉን ልትነግራቸው ፈልጋ፣ «ሳንቲም ይሰበስባል» ብላቸዋለች። እኔ ይህን አላወቅኩም።

ካልሲውን ይዤ ሄድኩ። ለምን ይዘህ ሄድክ እንዳትሉኝ። ክፍላችን ውስጥ ተስፋዬ አለ።

ጋሽ ዘውዱ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ጥፍራቸው ሥር የመኪና ቀለም የማይጠፋ፣ ሲያዩ ዓይናቸውን የማይጨፍኑ ሰው ናቸው። ምሳው ቀርቦ ትንሽ እንደበላን ጀመሩ።

«ሳንቲም ትሰበስባለህ አሉኝ።»

«እየሞከርኩ ነው ጋሼ» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ። ከተስፋዬ ሌላ ስለ ጉዳዩ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸው።

«ጎበዝ! የዛሬ ልጅ ያገኘውን በትኖ ነው የሚያድረው። ስንት ደረሰልህ?»

«ወደ ስልሳው ተጠግቷል።»

«ስልሳ ሺ?»

ዋጋውን የገመቱልኝ ነው የመሰለኝ። በተስፋዬ ስሌት ደግሞ ስልሳ ሺ ትንሽ ነው። «እንደ ገበያው ነው ጋሼ» አልኩ በትሕትና፣ «ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።»

ጋሽ ዘውዱ ከወጡ የቅልጥሙን አጥንት አንሥተው ወደኔ ገፉልኝ። ሰላም በመገረም አየችኝ፤ እንዲህ ያለ ሀብት እንዳለኝ ነግሬያት አላውቅማ።

«ባንክ ነው ያስቀመጥከው?»

«ኧረ አይደለም። ካልሲ ውስጥ ነው።»

ጉርሻቸው አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። «ስልሳ ሺ ድርሃም? ካልሲ ውስጥ?»

«ይዤው መጥቻለሁ» አልኩና ከቦርሳዬ አውጥቼ ትሪው አጠገብ አስቀመጥኩት። ካልሲው ተንሿሾ ጎኑ ላይ ተኛ።

ጋሽ ዘውዱ ካልሲውን በጫፉ ይዘው አራገፉት። ሰላም ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሰበሰብኩት ሳንቲም ነው።»

«ሳንቲም ሰበሰብኩ ማለትህ… ሳንቲም ሰብስበህ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

የአንገታቸው ሥር ሲነሣ አየሁ። ቅልጥሙን ከፊቴ አነሡት። እስቲ ምን ላድርግ? ያለኝ የመጨረሻ ማስረጃ ተስፋዬ የላከልኝ ቪዲዮ ነው፤ ስልኬን አውጥቼ ከፈትኩት። ባለ ቀለበቱ እጅ መለፍለፍ ጀመረ። ጋሽ ዘውዱ ፊታቸውን እንዳኮሳተሩ እስከ መጨረሻው አዩት። አሁን ከቤቴ ውጣ ሊሉኝ ነው ብዬ ጫማዬን በዓይኔ ስፈልግ፣

«እንደገና ክፈተው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ መደወል ጀመሩ። ስለ ጋብቻው አያነሡም፤ ስለ እኅታቸውም አያነሡም። «ባለ ወፉ ስንት ነው?» ይሉኛል፣ ማዳምን እየነዳሁ ሳለ። «ባለ ሕንፃው ሁለት ዓይነት አለው እንዴ?» ይሉኛል፣ ነዳጅ ስቀዳ። ሰላም በበኩሏ እየደወለች ታማርራለች። «ሰናይያ ውስጥ ዝርዝር ጠፋ እየተባለ ነው! ደንበኛ ቀለም ሊያስቀባ ሲመጣ ጋሼ ኪሱን እያስገለበጡት ነው! ምን አድርገህብኝ ነው?» ምን ልበላት? እኔ ለማግባት የሄድኩ ሰው ነኝ፤ በሽታ ላጋባ አልሄድኩም።

በመጨረሻ ጋሽ ዘውዱ መላ አመጡ። አል ዓይን መሃል ከተማ አሮጌ ገንዘብና ቴምብር የሚሸጡ አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ አሉ ተባለ። «ባለሙያ ይተምንልን፤ ያኔ ስለ ሌላው ጉዳይ እንነጋገራለን» አሉኝ። ሌላው ጉዳይ ማለት ሰላም ናት። እንግዲህ ትዳሬ በሽማግሌው አፍ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

እሑድ ዕለት በጋሽ ዘውዱ ፒክአፕ ሦስታችንም ሄድን። እሳቸው በጨርቅ የተሸፈነ የቀለም ባልዲ ጭናቸው ላይ አድርገዋል፤ ስለዚህ የምነዳው እኔ ነኝ። ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሰላም ከኋላ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች፤ ሰላምታዬንም የመለሰችልኝ በመስኮቱ በኩል ነው።

ሱቁ ጠባብ ነው። ሽማግሌው ካልሲውን አንድ የከፋይ ጨርቅ ላይ አፈሰሱት፤ የሰዓት ሠሪ መነጽር ዓይናቸው ላይ ሰኩ። የመጀመሪያዋን አነሡ።

«ይህቺ አንድ ድርሃም ናት» አሉ።

ሁለተኛዋን አነሡ። «ይህቺም አንድ ድርሃም ናት።»

ሦስተኛዋን ሲያነሡ አላስቻለኝም፤ ባለ መጽሐፏን ከደረት ኪሴ አውጥቼ አቀረብኩ። ሽማግሌው አዩዋት፤ አሸተቷት። መነጽሩን አወለቁ።

«ማን ነው ያጠባት?» አሉ፣ በሽተኛ ዘግይቶ እንደመጣበት ሐኪም።

«እኔ» አልኩ።

«በምን?»

«በሎሚ። በጨውም። በጥርስ ሳሙናም ትንሽ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱን። ገበያ ላይ የሚዞሩት መታሰቢያ ድርሃሞች እጅግ ብዙ ሆነው ነው የሚወጡት፤ ሰው ከተጠቀመባቸው በኋላ የአንድ ድርሃም ዕቃ ነው የሚገዙት። ሰብሳቢ ሰው ትንሽም ቢሆን የሚጨምርላቸው ምንም ሳይነኩ እንደተሠሩ ከቆዩ ነው፤ ከታጠቡ ግን አለቀላቸው፣ ላያቸው ይጫጫራል፣ ወዛቸው ይሄዳል። ቪዲዮውን ሳሳያቸው ሳቁ። «ይህቺ እኮ ከብር ማዕድን የተሠራች ናት፤ ንጹሕ ብር። በሣጥን ነው የምትሸጠው፤ ገበያ ወርዳ አታውቅም። ሥዕሉ ነው የሚመሳሰለው።» ከዚያ ባለ መጽሐፏን መለሱልኝ። «ከእጅ እጅ ሳትዞርና ሳትታጠብ ብትመጣ ኖሮ» አሉ፣ «አምስት ድርሃም እሰጥህ ነበር።»

እኔ በአሥር ነው የገዛኋት! ያውም የራሴን!

ወደ ሰላም ዞር ማለት አልቻልኩም። ወደ ጋሽ ዘውዱ ዞርኩ፤ አሁን ያዋርዱኛል ብዬ። እሳቸው ግን ባልዲውን ቀስ ብለው መሬት ለመሬት በእግራቸው ወደ በሩ እየገፉት ነው።

«እሱስ?» አሉ ሽማግሌው። «እሱ ምንድን ነው?»

«ምንም። ቀለም ነው» አሉ ጋሽ ዘውዱ።

ሰላም ጎንበስ ብላ ጨርቁን ገለጠችው። ባልዲው እስከ አፉ ድርሃም ነው። ያበራል! የኔዎቹ ከነሱ ጋር ሲተያዩ የሐዘን ልብስ የለበሱ ይመስላሉ። ሽማግሌው አንዷን አነሡ። መነጽሩን ሰኩ፤ አወለቁ፤ ጠርገው እንደገና ሰኩ። ገለበጧት። በሁለቱም በኩል ምንም የለም። ወፍ የለ፣ ሕንፃ የለ፣ ጀበና የለ። ልሙጥ ብረት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ድርሃም ነው» አሉ ጋሽ ዘውዱ።

«ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ምን አደረጉት?»

ጋሽ ዘውዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትንሽ… በማሽን ወለወልኩት። የመኪና ቀለም በምንወለውልበት። መጀመሪያ ግን ሻካራውን ለማስለቀቅ በብርጭቆ ወረቀት…»

ሽማግሌው ተነሥተው የሱቁን በር ዘጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የመንግሥት ገንዘብ መፋቅ እንደሚያስጠይቅ፣ እሳቸው ባልዲውን እንዳላዩ፣ እኛም እዚህ እንዳልመጣን ነገሩን።

«ኢቃማዬ!» አሉ ጋሽ ዘውዱ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው አሁኑኑ ከኪሳቸው የተነጠቀ ይመስል ደረታቸውን ይዘው።

መኪናው ውስጥ ገባን። ጋሽ ዘውዱ ባልዲውን አቅፈው ፊት ለፊት ያያሉ። የፖሊስ መኪና ባለፈ ቁጥር ጨርቁን ያስተካክላሉ። ትንሽ እንደሄድን ሳል አሉና፣

«ስማ» አሉኝ። «ይህ ነገር በኛ መሃል ነው የሚቀረው።»

«እሺ ጋሼ።»

«ሰናይያ ላይ አንድ ሰው ቢሰማ መሳቂያ ነው የምሆነው።»

«ማንም አይሰማም።»

ከዚያ፣ የእኔን ፊት ሳያዩ፣ «ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ከዚያ በፊት ሙቀትም ባይኖር ጾም ነው» አሉ።

ጆሮዬን አላመንኩም። ስንት እሑድ ያሰብኩበት፣ ስንት ጊዜ በመስታወት ፊት የተለማመድኩት ፈቃድ እንዲህ በአፍ ማስያዣነት ተገኘ! «ከፋሲካ በኋላ ጥሩ ነው ጋሼ!» አልኩ። «አዳራሹን አቡ ዳቢ እናድርገው ወይስ…»

«እዚሁ አል ዓይን ይሁን። ሥጋውን እኔ እችላለሁ።»

«ይቅርታ» አለች ሰላም ከኋላ። ከሱቁ ከወጣን ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። «ሙሽራዋ ማን ናት?»

ጋሽ ዘውዱ ባልዲውን አጥብቀው አቀፉ።

«ጋሼ ጠይቀውኛል? አልጠየቁኝም። አንተስ ጠይቀኸኛል?»

ጠይቄያታለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። ኮርኒሽ ላይ? አይደለም። በስልክ? በስልክ ያወራነው ስለ ባለ ወፉ ነው። ወንድሟን እንዴት እንደማስፈቅድ ስጨነቅ፣ ምን ዓይነት ሸሚዝ እንደምለብስ ስመርጥ፣ እሷን ለካ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። በመስታወቱ አየኋት። አልተቆጣችም፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። ደንግጬ መንዳቱን ራሱ ልረሳው ምንም አልቀረኝም።

«ሰላም» አልኩ። «ታገቢኛለሽ?»

ልክ ያን ጊዜ አንድ ትልቅ አደባባይ ገባን።

«ሳልመልስልህ እንዳትወጣ» አለችኝ።

«ከምኑ?»

«ከአደባባዩ። ዙር። እያሰብኩ ነው።»

ዞርኩ። መውጫችንን አልፈን እንደገና መጣን።

«ሌላ ካልሲ አለህ?»

«በእግሬ ካለው በቀር የለኝም።»

«ዙር።»

ዞርኩ። ከኋላችን ያለው ታክሲ ጥሩምባውን ነፋ። ጋሽ ዘውዱ በአንድ እጃቸው ባልዲውን፣ በአንድ እጃቸው የበሩን እጀታ ጨብጠዋል።

«ተስፋዬ ሰርጉ ላይ ይናገራል?»

«አፉን አይከፍትም!»

«አንድ ያማረ ነገር ስታገኝ መጀመሪያ ለማን ነው የምታሳየው? ለተስፋዬ ነው ለኔ?»

«ላንቺ። ላንቺ ብቻ።»

«ዙር።»

«ሰላምዬ» አሉ ጋሽ ዘውዱ፣ ፊታቸው ከዋናው ቀለም በፊት እንደሚቀባው ፕራይመር ግራጫ ሆኖ፣ «በእናትሽ መልሺለት። ራሴን እያዞረኝ ነው።»

«እርስዎም ይዙሩ ጋሼ። እርስዎም አልጠየቁኝም» አለች። ድምፅዋ ግን ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ በመስታወቱ ሳያት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛዋለች። አደባባዩ መሃል ያሉት ተምሮች፣ አበቦች፣ አንድ አትክልት የሚያጠጣ ሰው በየተራ ያልፋሉ። ሰውየው እኛን ለይቶን ውሃ ማጠጣቱን አቁሞ እጁን ያውለበልብልን ጀመር።

«እሺ» አለች ሰላም።

«እሺ ምኑን? ልውጣ ነው ወይስ…»

«ውጣ» አለች። «ሌላውንም እሺ።»

እጄ መሪው ላይ እንዳለ ወደ ኋላ ዞሬ አየኋት። ፊቷን፣ ፊቷን ብቻ፣ በደንብ አድርጌ። ደስታዬ ስለበዛ መውጫውን አለፍኩት፤ ጋሽ ዘውዱም ያን ዙር መቋቋም አቅቷቸው የባልዲውን ጨርቅ ገልጠው ድርሃሞቹ ላይ አስታወኩ።